ከመንገዱ ሥር የቀረችው ብየዳ

በሽኝቴ ቀን ንግግር አድርጊ ቢሉኝ አላደረግሁም። የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ ዳቦና ለስላሳ ደርድረው፣ ጋቢ ካለበሱኝ በኋላ ማይክራፎኑን እጄ ላይ አስቀመጡት። “እግዜር ያክብርልኝ” ብዬ ወዲያው መለስኩላቸው። ሰዉ ሳቀ። አንዱ የንብረት ክፍል ልጅ፣ “እትዬ እናና ቦይ ውስጥ ሆነው ሲጣሩ ደብረ ወርቅ ድረስ ይሰማ አልነበር እንዴ፣ ዛሬ ምን ነካቸው?” አለ። እውነቱን ነው፣ ሥራ ላይ እጮሃለሁ። ያን ቀን ግን አፌን ብከፍት የሚወጣው ሌላ ነገር ነበር። ሞጣ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው አስፋልት ሥር፣ በእጄ የበየድኳት አንዲት የቧንቧ መገጣጠሚያ አለች። በደንብ በይጃት እንደሆን አላውቅም። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ልጄ የተከራየችው ቤት አለ። ሁለቱን አያይዘን የምናውቀው እኔና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነበርን። በማይክራፎን የሚነገር አይደለም።

ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ከሥራ መልስ የተማርኩት ነው። የምጽፈው እንደማወራው ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ወደ ቧንቧ ሥራ ያስገባኝ ችግር ነው። የገነት አባት ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ልጄ ገነት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከቢቸና ወጣ ብሎ የውሃ መስመር ይቆፈራል፣ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። ለሴት የሚሰጠው ሥራ አሸዋ መሸከም ነበር። የቢቸና አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ያብጣል፣ በበጋ የሰው እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቧንቧውን እንዲሁ ብትቀብረው አፈሩ ሲያብጥ ያጣምመዋል፣ ሲሰነጠቅ ይጎትተዋል። ለዚህ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ ይነጠፍለታል። ያንን አሸዋ በጆንያ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ቦዩ ከሰው ቁመት ይጠልቃል። ግድግዳው ቢናድብኝ ገነትን ማን ያሳድጋታል እያልኩ መውረድ እፈራለሁ። ከአፋፉ ላይ አሸዋዬን አራግፌ እመለሳለሁ።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኋቸው እዚያው አፋፍ ላይ ነው። የወሎ ሰው ናቸው። የፕላስቲክ ቧንቧ ብየዳ የሚችል እንደ ልብ ስለማይገኝ ተቋራጩ ከቦታ ቦታ ይዟቸው ይዞራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከእጃቸው አንድ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም፤ ሥራ ሲያልቅ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራሳቸው ያጥቡታል። አንድ ቀን ነፋስ ተነሥቶ አቧራ ሲያመጣ፣ ለብየዳ የተዘጋጀውን የቧንቧ አፍ በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት።

“ማን ሸፍኚ አለሽ?” አሉኝ።

“ማንም። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።”

“ነጠላሽ ቢቆሽሽስ?”

“ይታጠባላ።”

ጥቂት አዩኝና፣ “ከነገ ጀምሮ አሸዋውን ተዪው፣ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ” አሉ። ፎርማኑ ሳቀ። “ጋሽ ሰይድ፣ እሷ’ኮ ቦይ መውረድ ትፈራለች።”

“እኔም እፈራለሁ” አሉት። “የማይፈራ ሰው ነው መሰላል ሳያቆም የሚወርደው።”

በማግስቱ መሰላሉን ራሳቸው አቆሙልኝና ወረድኩ።

ጥቁሩን የፕላስቲክ ቧንቧ ሰው ሲያየው በሙጫ የሚያያዝ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱን ቧንቧ ማሽኑ ላይ አስረን ፊት ለፊት እናጋጥማለን። ጫፋቸውን መላጊያው ይልጋቸዋል፤ የሚወርደው ልጣጭ እንደ ድንች ልጣጭ ሳይቆራረጥ ተጠቅልሎ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካም፤ የጣት ላብ እንኳ ያበላሸዋል። በጄኔሬተር የጋለውን ሰሌዳ መሀላቸው እናስገባለን። ሁለቱም ጫፍ እየቀለጠ ዙሪያውን ከንፈር ያወጣል። ከንፈሩ የስንዴ ፍሬ ሲያህል ሰሌዳውን በፍጥነት አውጥተን አንዱን ወደ አንዱ እንገፋለን። በቃ፣ አንድ ሆኑ።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ምንም አለመሥራት ነው። እንደታሰረ፣ ሳይነቃነቅ፣ ውሃ ሳይረጭበት በራሱ ጊዜ መብረድ አለበት። ለእኛ ቧንቧ ውፍረት አሥር ደቂቃ ነበር። ከላይ ሲነካ ቶሎ የበረደ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ቀድሞ የፈታው ሰው ስህተቱን በዓይኑ አያየውም።

እኔ ሰዓት የለኝም። ጋሽ ሰይድ ሰዓት አላቸው፣ ግን እሱን ሳይ እቸኩላለሁ ብለው በመቁጠሪያቸው እየቆጠሩ ነው የሚጠብቁት። አንድ ቀን፣ “አንቺስ ስትጸልዪ ምን ትያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ።

“አባታችን ሆይን። ከእመቤቴ ማርያም ሆይ ጋር።”

“በዪልኝ እስቲ።”

ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው መዳፋቸው ላይ አደረጉና አደመጡኝ። አፈርኩ። እንደምንም ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ አልኩት።

“አንድ ደቂቃ ከምናምን” አሉ። “ጥሩ ነው። አሥር ጊዜ በዪው። ስትጨርሺ ትፈቺዋለሽ።”

እንዲህ ሆኖ በያጅ ሆንኩ። አሥር ጠጠር አንደኛው ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። አንድ ጸሎት ባለቀ ቁጥር አንዷን ጠጠር ወደ ሌላው ኪሴ አሻግራለሁ። ሠራተኛው ሁሉ ቀለደብኝ። “እናና የበየደችው መስመር ጠበል ነው የሚያወርደው፣ ለልብስ ማጠቢያ ሌላ ፈልጉ” ይሉ ነበር። ይበሉ። ቢቸና ላይ የበየድኩት ሁሉ በግፊት ሲፈተን አንድም ጠብታ አላፈሰሰም።

ጋሽ ሰይድ ሌላም ልማድ ነበራቸው። በእያንዳንዱ ብየዳ አጠገብ በነጭ ቀለም የበያጁን ስም የመጀመሪያ ፊደልና ተራ ቁጥሩን ያስጽፋሉ። “ምን ያደርጋል፣ ይቀበር የለ እንዴ?” ብላቸው፣ “ለዚያ ነዋ” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው ወደ ሞጣ ተዛወረና ተከትዬ ሄድኩ። ገነትን ለጎረቤቴ ትቼ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየመጣሁ አያታለሁ። ሞጣ መስመሩ ከላይ ከምንጩ ተነሥቶ በአንድ ሰፈር ጓሮ ጓሮ ወርዶ፣ ዋናውን መንገድ በሥሩ አቋርጦ ያልፋል። መንገዱ ያኔ ገና ጠጠር ነበር። ለመቁረጥ የተፈቀደልን ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ቀን አራት ብየዳ ቀረኝ፤ ሦስቱ በጓሮው በኩል፣ አራተኛዋ መንገዱ ሥር። ቁጥራቸው ከእ አርባ አንድ እስከ እ አርባ አራት። ጋሽ ሰይድ ምንጩ ጋ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ፎርማኑ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጎረቤቴ ናት። “ገነት ትኩሳት ይዟታል፤ ታስመልሳለች፣ ዓይኗን ገልጣ አታየኝም። ድረሺ” አለችኝ። ሌላ ልትል ስትል ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል አይገባም።

ወደ ቢቸና የሚሄደው የመጨረሻ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል። “ልሂድ” አልኩት ፎርማኑን።

“መንገዱን ዛሬ መድፈን አለብን፣ እናና። ዳር እስከ ዳር መኪና ተሰልፏል። አራቷን ጨርሺና ሂጂ፣ እኔ ራሴ በሞተር አደርስሻለሁ።”

በየድኩ። አሥር ጸሎት ጸልያለሁ፤ ይህን በማርያም ስም እምላለሁ። ለእያንዳንዷ አሥር፤ ጠጠሮቹን አሻግሬያለሁ፣ አንድ አልጎደለም። ሦስተኛዋን ስጨርስ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበት ጠፋ። እስኪሞላ ድረስ እሷ እንደታሰረች ቆየች። እኔም በልቤ ነዳጅ የሚሞላውን ልጅ ስረግመው ነበር። አራተኛዋን መንገዱ ሥር በየድኩ፣ ፈታሁ፣ እ አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ወጣሁ። አፈሩን ከኋላዬ ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ፎርማኑ እንዳለው በሞተር መናኸሪያ አደረሰኝ፣ መኪናው ላይ ደረስኩ።

ቢቸና ስደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ሰፈሬ ሮጥኩ። ገነት ጎረቤቴ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተቆላ ሽምብራ ትበላለች።

“እማ፣ ምን አመጣሽልኝ?” አለችኝ።

ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። “ከደወልኩልሽ በኋላ ላብ አላባትና ወረደላት። ልንገርሽ ብል ኔትወርክ የለም። አትቆጪኝ።” አልተቆጣሁም። ከልጄ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሽምብራዋን በላሁባት።

መስመሩ በግፊት ሲፈተን አለፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም። ተቀበረ፣ ውሃው ለሰፈሩ ተለቀቀ። ቧንቧ ግን አንዴ ተሞልቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይወጠራል፣ ይላላል። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው አንድ ማለዳ በጓሮው በኩል ፈነዳ። ውሃው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ የእትዬ ሙሉን የጭቃ ግድግዳ ገፍቶ ጣለው። ደግነቱ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሲመለሱ አልጋቸው ላይ ጭቃ ተከምሯል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው አዩትና፣ “ውሃ ውሃ ስንል ኖረን፣ በግድግዳ በኩል ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም” አሉ። እኔ ዶማ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያ ግድግዳ አልጋው ላይ ሲወድቅ እሳቸው ተኝተው ቢሆንስ አልኩ በልቤ።

ተቆፈረ። እ አርባ አንድ ይላል፣ በገዛ ጽሕፈቴ።

ጋሽ ሰይድ ብየዳዋን በመጋዝ ቆርጠው ወደ ጥላ ወሰዷትና ተቀመጡ። እኔም ተከትዬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ፊቷ ተላቆ ልሙጥ ሆኗል፣ ጭራሽ ተያይዞ የማያውቅ ይመስላል።

“ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር?” አሉኝ።

“ልጄ ታማብኝ።”

“ስንት ጸለይሽ?”

“አሥር።”

“ሰዓቴን ልያዝልሽ። ልክ ያን ቀን እንደጸለይሽው ጸልዪልኝ።”

አልቻልኩም። አንዴ ጀምሬ ተውኩት። “ልጅሽ ታማለች፣ መኪናው ሊሄድ ነው” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጀመርኩ። ቃሉ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ ከአፌ ሳይሆን ከደረቴ እየወጣ አሥሩን ጨረስኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰዓቱን አሳዩኝ። አራት ደቂቃ ከሩብ።

ሰዓታቸውን መልሰው እጃቸው ላይ አሰሩ።

“አልዋሸሽም። አሥር ነው ያልሽው” አሉ በመጨረሻ። “የፈራች እናት ጸሎት ግን ሌላ ነው። እኔም በደህናው ቀን ነው የለካሁሽ፤ ይህን አላሰብኩም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።”

“ሦስት ሌሎች አሉ፣ ጋሽ ሰይድ” አልኳቸው።

“አውቃለሁ።”

በዚያ ወር ቋሚ ሠራተኛ ከሚሆኑት ውስጥ ስሜ ተጽፎ ነበር። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ፣ “አፍሽን ያዢ፤ የፈነዳችው ተጠገነች፣ ሌሎቹን ማን ያውቃል?” ብላኛለች። እውነት ለመናገር አንድ ቀን ሙሉ ይዣለሁ። ልጄን ምን አበላታለሁ የሚለው ነገር አፍ ያሲዛል። ግን እትዬ ሙሉ ያንኑ አልጋቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ጭቃውን ሲፍቁ አየኋቸው። ከጎናቸው ደግሞ ሌላ ጎጆ አለ፤ በዚያ ጓሮ ሥር እ አርባ ሁለት ተቀብራለች። በዚያ ቤት ልጆች አሉ። መሐንዲሱ ሲመጣ ሠራተኛው ባለበት፣ “አራቱንም በአንድ ቀን የበየድኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው” አልኩት።

መሐንዲሱ ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነበር። “አንዷ ፈነዳች፣ ጠገንናት። ሌሎቹ ፈተናውን አልፈዋል” አለ።

“ይቺም አልፋ ነበር” አሉ ጋሽ ሰይድ።

መሐንዲሱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ለአንድ ቀን ውሃው እንዲዘጋ ፈቀደ። ቀኑ ደግሞ ማርያም ሆነና ከሠራተኛው ማንም አፈር የሚነካ ጠፋ። ጋሽ ሰይድ ዶማቸውን አንሥተው ብቻቸውን ጀመሩ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ቦታውን በእጄ አሳያቸዋለሁ። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

“ዛሬ ማርያም አይደለችም እንዴ? አፈር ይቆፈራል?”

“የምቆፍረው እኔ ነኝ፣ አባቴ” አሉ ጋሽ ሰይድ ከጉድጓዱ። “እሷ ቆማ ነው ያለችው።”

“ቆማ እያዘዘች ነዋ። ማዘዝስ ሥራ አይደለም?”

“እንግዲያው ፊቷን ታዙር።”

ሽማግሌው ሳቁና ተመለሱ። እኔ ፊቴን አላዞርኩም፤ መሰላሉን ይዤ ወረድኩ። በማርያም ቀን አፈር የነካሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እመቤቴ ለምን እንደሆነ ታውቃለች ብዬ ነው።

እ አርባ ሁለት ስትቆረጥ እንደ መጀመሪያዋ ግማሽ ፊቷ ያልተያያዘ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫን ሲሏት እንደ ኖራ ተሰበረች። እ አርባ ሦስት፣ ያቺ ነዳጅ እስኪሞላ የቆየችው፣ ቢያጥፏት ቢያጥፏት አልሰበር አለች። የቀረችው እ አርባ አራት ነበረች። መሐንዲሱ፣ “ያንን መንገድ እንደገና ቁረጡ የሚል ደብዳቤ አልጽፍም። እኔም ልጆች አሉኝ” አለ። በዚያው ቀረች። በዓመቱ መንገዱ አስፋልት ሆነ።

ጋሽ ሰይድ ከሞጣ ሲሄዱ ሰዓታቸውን ሰጡኝ። “ጸሎትሽን ለፈጣሪሽ አድርጊው፣ ብየዳሽን ለዚህ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ነው የሠራሁት። ቋሚ ሳልሆን ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት ከደጀን የመጣች ሴት የቢቸና ውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆና የቀጠረችኝ፣ ታሪኩን ከእኔው አፍ ሰምታ ነው። ያን ጊዜ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ “የራሷን ሥራ የምታስቆፍር በያጅ አይቼ አላውቅም፤ ነይ ግቢ።” ከእሷ ጋር የሠራሁት ዘመን ጥሩ ነበር። አምስት ሴቶች አሠልጥኛለሁ። እያንዳንዳቸውን ቧንቧ ከማስነካቴ በፊት ጨርቅ ማጠብ ነው ያስተማርኳቸው። አሁን የመጣው ማሽን ደቂቃውን ራሱ ቆጥሮ ጢጥ ይላል፤ ሳይጨርስ ቢፈቱት እንቢ ይላል። ደስ ይለኛል። ጉልበቴ ቦይ መውረድ እንቢ ሲለኝና በሐኪም ቦርድ ስሰናበት፣ የቀረ ነገር የለኝም ማለት እችል ነበር። ከአንዷ በቀር።

በሞጣ ባለፍኩ ቁጥር ከመኪና እወርዳለሁ። ከመንገዱ ዳር የቫልቭ ክዳን አለ። አንድ ክንድ የሚሆን ፌሮ በቦርሳዬ እይዛለሁ። አንዱን ጫፍ ክዳኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። የሚያፈስ ቧንቧ ሽሽሽ ይላል፤ ጋሽ ሰይድ ያስተማሩኝ ነው። የባጃጅ ልጆች “እማማ፣ ከምድር ውስጥ ማን ይደውልልዎታል?” እያሉ ይስቁብኛል። ምንም አልሰማም። ተመስገን ብዬ እሄዳለሁ።

ልጄ ገነት መምህር ሆና ተመደበች። የት? ሞጣ። ቤት ተከራየሁ፣ ነይ እዪልኝ አለችኝና ሄድኩ። ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ኖራ የተቀባ፣ ደጁ ላይ የኮክ ዛፍ ያለው ቤት ነው። ከቫልቩ ክዳን በእርምጃ ለካሁት፤ አርባ እርምጃ፣ ቁልቁል።

“ይሄ ቤት አይሆንሽም” አልኳት።

“ምን ሆነ?”

“እርጥበት አለው።”

“የት ጋ ነው እርጥበቱ? ዳስሺው እስቲ፣ እማ። ደረቅ ነው።”

“አሁን ደረቅ ነው።”

“ለትምህርት ቤቱ ቅርብ፣ ኪራዩ ልኬ፣ አከራይዋ ደግ። አንቺ ደግሞ ለእኔ የሚሆን ቤት መቼ አግኝተሽ ታውቂያለሽ?” ብላ ሳቀችብኝ። እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። አንቺን ብዬ የቸኮልኩባት ነገር ካናትሽ በላይ ተቀብራለች ተብሎ ለልጅ አይነገርም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየደወልኩ፣ “ወለሉ ረጥቧል?” እላታለሁ። እሷም፣ “አልረጠበም፣ ደህና እደሪ” ትለኛለች።

ከተሸኘሁ በኋላ ነገሩ ባሰብኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሞጣ ስለሚሄድ በወር በወር ጎራ ብዬ አዳምጥ ነበር። አሁን ማን ያዳምጥልኛል? አንድ ማክሰኞ ተነሥቼ ሞጣ ሄድኩ። በፌሮዬ አዳመጥኩ፤ እንደ ወትሮው ጭጭ ብሏል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ከተማው ውሃ አገልግሎት ቢሮ ገብቼ፣ አንድ ወጣት ባለሙያ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ቀኑን፣ ጸሎቱን፣ ቁጥሯን። ልጁ ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ አንድ ካርታ ከመደርደሪያ አውጥቶ ዘረጋ።

“እናቴ፣ የሚሉት ይሄኛውን ነው? መንገዱን በዚህ በኩል የሚያቋርጠውን?”

“አዎ። ልክ እዚህ ላይ ናት።”

“እሱ መስመር ተቀይሯል’ኮ። ከተማው ሰፍቶ አልበቃ ስላለ ትልቅ ቧንቧ በላይ በኩል አዙረናል። የድሮው ሁለት ጫፉ ተደፍኖ ቀርቷል። ውሃ የለበትም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሦስት ዓመት ሆኖታል።”

“ሲደፈን... አፍስሶ ነበር?”

“ኧረ የለም። እስከ መጨረሻው ቀን ሲሠራ ነበር። ጠቦ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም የቀየርነው።”

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ልጄ እዚያ ቤት ከመግባቷ በፊት ቧንቧው ሞቷል። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል እንጂ ደህና ናቸው። ነገርኳቸው።

“ቆይ” አሉኝ። “ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቅ ቧንቧ ስታዳምጪ ነበር?”

“አዎ።”

“ውሃ ያለበት ቧንቧ’ኮ ደህና ቢሆንም ያጉረመርማል። ጭራሽ ጭጭ አይልም። ይህን አታውቂም?”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ጭጭ ሲል ምን መሰለሽ?”

“ደህና የሆነ። የምፈራውን ድምፅ ብቻ ነበራ የማዳምጠው።”

ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። ሳሉ ሲለቃቸው፣ “አሥራ አንድ ዓመት ይዛለች ማለት ነው” አሉ። “ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ተቆርጣ ባያት።”

“እሷን እንኳ ተያት፣ እናና። መንገድ ቁረጡልኝ ብለሽ ደግሞ ሰው እንዳታስቸግሪ።”

ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ገነትን ደጇ ላይ ጠበቅኋት። እዚያው ኮኩ ሥር አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ “ለዚህ ነው ወለሉ ረጥቧል ወይ ስትዪኝ የነበረው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“እኔ’ኮ፣ እማ፣ እርጅናው ቶሎ መጣባት ብዬ ሳዝንልሽ ነበር።” ከዚያ እጄን ያዘች። ወደ አስፋልቱ አይታ፣ “መኪናሽ እንዳያመልጥሽ” አለችኝ።

እዚያ ቤት መጥቼ አድሬ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ምክንያት እፈልጋለሁ። ያን ዕለት ወደ ቢቸና የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ በአስፋልቱ ሲያልፍ ሁለታችንም ሰማነው። ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።